ያቺ አንዲት ነጥብ

ሁለት ሰው ሲተናነቅ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ደሴ ከኖራችሁ መቼም አታጡትም። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሊቀመንበር፣ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ሰይድ፣ እንደዚያ ናቸው።

የቡድናችን ታሪክ አጭር ነው፤ ኮምቦልቻን አሸንፈን አናውቅም። ባለፈው እሑድ ግን፣ ወላሂ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር! ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ እኔ ራሴ የማላውቀውን ሰው አቅፌ እዘላለሁ። ያኔ የእኛው ልጅና የኮምቦልቻው ልጅ ኳስ ይዘው መጓተት ጀመሩ። ሐጂ ዘው ብለው ገቡ።

«በአላህ፣ ልጆቼ! ለአንዲት ኳስ? በሉ፣ አፉ ተባባሉ!»

«ሐጂ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አለ ዳኛው።

«አንተም ፊሽካህን ኪስህ ክተትና ና!»

ሦስቱም ተሳሳሙ። ምን ያድርጉ? ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ ሕዝቡ «አሚን» አለ፤ እኔም ከነንዴቴ አልኩ።

«ያቺን አንዲት ነጥብ ደግሞ ለእንግዶቻችን ስጧቸው» አሉ።

«በቅርጫት ኳስ እኩል መውጣት የለም፣ ሐጂ!» አለ ዳኛው።

«ደሴ ውስጥ አለ!»

እናላችሁ፣ «ኮምቦልቻን አሸንፋችሁ ታውቃላችሁ?» የሚለን ሲመጣ፣ ዛሬ ደረታችንን ነፍተን የምንመልሰው አለን፦

«ታርቀናል!»