የጀርባ አልበም

[ከፕሌቨን ወዲያ ያለች ትንሽ የቡልጋሪያ ከተማ፤ የመስከረም ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ታላቁ ራዶይ ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ዛሬም ሰውን ሁሉ የሚያየው ትኬት እንዳልቆረጠ አድርጎ ነው። ታናሹ ሚንቾ ንብ አናቢ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከንብ ጋር ማውራት ይቀናዋል። መሐላቸው የቆየ ፎቶ የሞላው የጫማ ካርቶንና ባዶ አልበም አለ። አንዲት ፎቶ በየጫፏ ይዘው ይጓተታሉ።]

ራዶይ፦ ልቀቅ አልኩህ! እኔ ነኝ!

ሚንቾ፦ እኔ ነኝ ጋሼ። ጆሮውን እየው። ይሄ የኔ ጆሮ ነው።

ራዶይ፦ ትልቅ ጆሮ ሁሉ ያንተ ነው እንዴ? ግንባሩን አታይም? ስልኩን እንዴት እንደያዘ አታይም? በአራት ዓመቱ ትእዛዝ እየሰጠ ነው! አንተ በአራት ዓመትህ ንፍጥህን መጥረግ መቼ ታውቅ ነበር?

ሚንቾ፦ ማንን ነው የሚያዘው? ሽቦው እኮ ተቆርጧል።

ራዶይ፦ የፎቶ ቤት ስልክ ነዋ! ያኔ የከተማው ልጅ ሁሉ የተነሳው በዚያ ስልክ ነው።

ሚንቾ፦ ሁሉም ከተነሳ እኔም አለሁበታ።

ራዶይ፦ እማዬ ይቺን ፎቶ ለእንግዳ ባሳየች ቁጥር "የኔን ቆንጆ ልጅ እዩልኝ" ትል አልነበር?

ሚንቾ፦ ትል ነበር። ስትል ግን እኔን ነበር የምታየው።

ራዶይ፦ አንተን የምታየው ጃሙን እንዳትነካ ነው!

[ፎቶዋ ልትቀደድ ስትል ሁለቱም ደንግጠው ይለቋታል። ሚንቾ ቀድሞ ያነሳትና ከራሱ በኩል ይሸጉጣታል።]

ራዶይ፦ ስማ። እማዬ የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ ይዛ እየመጣች ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞራ ዓይኗን ጋርዶት ኖሮ ይኸው ዛሬ በራላት። ፋሻው ሲፈታላት ምን አለች?

ሚንቾ፦ "ዶክተር፣ ድምፅህ እኮ ቆንጆ ነበር" አለች።

ራዶይ፦ ከዚያ በኋላ!

ሚንቾ፦ "ፎቶዎቼን አሰናዱልኝ፤ ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው" አለች።

ራዶይ፦ በቃ። ይሄ ደግሞ የጨዋታ ሥራ አይደለም። ፎቶ ማስቀመጥ ሳይንስ ነው። እኔ ሦስት መጽሔት አንብቤበታለሁ።

ሚንቾ፦ ሦስት?

ራዶይ፦ ሁለት። አንደኛው የዓሣ ማጥመድ ነው። [ይጮኻል] በባዶ እጅህ! ጓንት አድርግ አላልኩህም? የሰው ላብ ለፎቶ መርዝ ነው!

ሚንቾ፦ ይቅርታ ጋሼ።

[እስከ ክርኑ የሚደርስ፣ ማር ሲጠጣ የኖረ የንብ ጓንቱን ያጠልቃል። ከካርቶኑ አንድ ፎቶ ሲያነሳ ፎቶው በፊቱ በኩል መዳፉ ላይ ጥብቅ ይላል።]

ሚንቾ፦ ጋሼ፣ ይሄስ በርግጥ አንተ ነህ። ትምህርት ቤት የገባህ ዕለት ነው። አበባ ይዘሃል። ፎቶው ግን ከጓንቴ አልላቀቅም እያለ ነው።

ራዶይ፦ የኔን ታሪካዊ ፎቶ! አምጣ ወዲህ! ትንሽ ይናፈስ።

[ፎቶውን ከጓንቱ መንጭቆ ከራሱ ወንበር መደገፊያ ጋር ያስጠጋዋል። ወዲያው ረስቶት በጀርባው ይደገፍበታል።]

ራዶይ፦ ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? ከታላቅ ወደ ታናሽ ደርድር ብዬህ ምነው እኔን ከአያታችን ፊት አስቀደምከኝ?

ሚንቾ፦ አያታችን እዚህ ላይ የስድስት ወር ሕፃን ነው። አንተ ስድስት ዓመትህ ነው። ታላቁ አንተ ነህ።

ራዶይ፦ አያቴ እኮ ነው!

ሚንቾ፦ ጥርስ የለውም ጋሼ። ጥርስ የሌለው ጥርስ ያለውን እንዴት ይበልጣል?

ራዶይ፦ ሲሞትስ ጥርስ ነበረው?

ሚንቾ፦ [አስቦ] አልነበረውም። ምስኪን፣ እንደተወለደ ቀረ።

ራዶይ፦ [አንድ ፎቶ አንስቶ ያሸታል] ቆይ፣ ቆይ። አክስታችን ለምንድን ነው ቃሪያ ቃሪያ የምትሸተው?

ሚንቾ፦ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጥ አላልከኝም? ምድጃው ውስጥ ከተትኳቸው።

ራዶይ፦ ትናንት ሃያ ኪሎ ቃሪያ የጠበስንበት ምድጃ?!

ሚንቾ፦ እስኪበርድ ጠብቄ ነዋ! እኔ ሞኝ ነኝ?

ራዶይ፦ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጊዜ ሲኖረኝ ጠይቀኝ። አሁን ማስቲሹን አምጣ። ያንን ጫማ ሰፊው የሰጠኝን።

[ሚንቾ ያንገራግራል፤ ከዚያ ወርቃማ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ያቀብለዋል።]

ሚንቾ፦ ጋሼ፣ ማስቲሹ እኮ…

ራዶይ፦ ዝም በልና እጄን ተመልከት። [የፎቶ ጀርባ በብሩሽ ይቀባል] አንድ እጅ። ሁለት እጅ። ሦስተኛ እጅ ለአደራ። ጫማን አሥር ዓመት የያዘ ማስቲሽ ፎቶን መቶ ዓመት ይይዛል። ጫማ ይሄዳል፣ ፎቶ የት ይሄዳል?

ሚንቾ፦ ጀርባው ላይ እኮ ጋሼ…

ራዶይ፦ ጀርባው ነዋ የሚቀባው! ፊቱን ልቀባልህ?

ሚንቾ፦ የለም፣ ጭረት ነገር አለበት…

ራዶይ፦ የፎቶ ቤቱ ቁጥር ነው። ዶሮ የጫረችው የመሰለ። ማን ያነበዋል? ይልቅ አንተ የግራ የግራውን ገጽ ሥራ፤ ማስቲሽ እንዳትነካ፣ የፎቶውን አራት ጥግ የሚይዙት የወረቀት ማዕዘኖች ይበቁሃል። የፎቶ ዋና ጠላቱ ምንድን ነው?

ሚንቾ፦ አይጥ።

ራዶይ፦ ብርሃን! ብርሃን ነው! ፊቱ ብርሃን እንዳያይ! በል ድገመው።

ሚንቾ፦ ፊቱ ብርሃን እንዳያይ። እሺ።

[ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ሦስት ንቦች በመስኮት ገብተው የራዶይ ገጽ ላይ ያርፋሉ። ብዙም ሳይቆዩ አሥር ይሆናሉ።]

ሚንቾ፦ የኔዎቹ ናቸው። እንዴት ዋላችሁ?

ራዶይ፦ አየህ? ጥሩ ሥራ ንብ እንኳ ትለያለች።

ሚንቾ፦ እሱስ ትለያለች።

ራዶይ፦ ጨርሻለሁ! አርባ አንድ ፎቶ! ያንተን ልየው። [ከወንበሩ ይነሳል፤ የትምህርት ቤቱ ፎቶ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አብሮት ይነሳል። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይደናቀፋል] ይሄ ወለል ጠማማ ነው። [የሚንቾን ገጾች ያያል] ሰዎቹ የታሉ?

ሚንቾ፦ አሉ። ተደፍተዋል።

ራዶይ፦ ተደፍተዋል?

ሚንቾ፦ ፊታቸው ብርሃን እንዳያይ አላልክም? አሥራ ሁለቱንም በደንብ ደፍቻቸዋለሁ። የስልኩንም ልጅ።

ራዶይ፦ ኧረ የሰው ያለህ! የጀርባ አልበም! እናቴ ስድስት ዓመት በጨለማ ኖራ፣ ዓይኗ ሲበራላት ጀርባ ልታይ ነው? አንተ እኮ ንቦቹ ናቸው አናቢዎችህ! ቆይ፣ የትምህርት ቤት ፎቶዬስ? ያ ባለ አበባው የታል?

ሚንቾ፦ አንተ ነጥቀኸኛል።

ራዶይ፦ እኔ ዕቃ ጥዬ አላውቅም! ፈልግ! ጠረጴዛው ስር ግባ!

[ሚንቾ ጠረጴዛው ስር ይገባል። ስልክ ይጮኻል። ከዚያው ከስር ሆኖ ያነሳል።]

ሚንቾ፦ እማዬ! … እሺ። … አይ፣ ጠረጴዛ ስር ነኝ። … ጋሼ፣ እማዬ ናት። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሯል። ላም አየሁ ትላለች፤ ቡራቡሬነቷን ሳይቀር።

ራዶይ፦ አልበሙ ደርሷል በላት። ከቀኝ ገጽ ጀምሪ፣ የግራውን የሠራው ያው እሱ ነው በላት።

ሚንቾ፦ እማዬ፣ ጋሼ የሁላችንንም ፊት አሳምሮ ለጥፎልሻል። … [ያዳምጣል] ጋሼ፣ "ፊታችሁን ምን ላድርገው?" ትላለች።

ራዶይ፦ ምን?

ሚንቾ፦ "ፊታችሁን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ታውሬም አልረሳሁት። የናፈቀኝ ጀርባው ነው" ትላለች።

ራዶይ፦ የምን ጀርባ?

ሚንቾ፦ አባዬ ከየፎቶው ጀርባ ይጽፍ ነበር፣ በአናጢ እርሳሱ። "በቀን ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው፣ የቀረውን ወሬ ለፎቶ ጀርባ ነበር የሚያወራው። ስድስት ዓመት ሙሉ በጣቴ ስዳብሰው ኖሬ ዛሬ በዓይኔ ላነበው ነው" ትላለች።

[ብሩሹ ከራዶይ እጅ ይወድቃል።]

ራዶይ፦ ያ… የዶሮ ጭረት?

ሚንቾ፦ የአባዬ ጽሑፍ ነው። ልነግርህ ነበር። … እሺ እማዬ? … የስልኩን ልጅ ጀርባ አንብብልኝ ትላለች።

ራዶይ፦ [ነፍስ ይዘራል] አንብብ! ቢያንስ እኔ መሆኔ ይታወቅ!

ሚንቾ፦ [ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ፣ ከራሱ ገጽ ላይ ቃል በቃል እየለቀመ] "ሁለቱንም… ፎቶ ቤት ወሰድኳቸው። ራዶይ… ስልኩን ነከሰው። ሚንቾ… ወንበሩ ላይ ሸና። ፎቶ አንሺው… የራሱን ልጅ ፎቶ ሰጠኝና… 'ይህን ውሰድ፤ ከሩቅ ይመሳሰላል' አለኝ።"

[ሁለቱም ፎቶውን ገልብጠው ልጁን ያዩታል።]

ራዶይ፦ ሃምሳ ዓመት የሰው ልጅ ስናቆላምጥ ኖርን?

ሚንቾ፦ ጆሮው ግን የኔን ይመስላል። … አቤት እማዬ? … ጋሼ፣ አሁን የገንዳውን አንብቡልኝ ትላለች። ሁለታችን ራቁታችንን የእንጨት ገንዳ ውስጥ የተነሳነውን። "አባታችሁ በሕይወቱ አንዴ ነው ያቆላመጠኝ፤ እሱም እዚያ ላይ ነው" ትላለች።

ራዶይ፦ [ፊቱ ይገረጣል] የገንዳው… ቀኝ ገጽ ነው።

ሚንቾ፦ ያንተ።

ራዶይ፦ ሦስት እጅ ነው የቀባሁት! መቶ ዓመት ነው ያልኩት! ሚንቾ፣ የአባቴን አፍ በጫማ ማስቲሽ ደፈንኩት! አርባ አንዱንም! [ራሱን ይዞ ወንበር ላይ ይወድቃል]

ሚንቾ፦ እማዬ፣ አንድ ጊዜ ጠብቂኝ፤ ጋሼ እያለቀሰ ነው። … ጋሼ፣ ተው አታልቅስ። ማር ነው።

ራዶይ፦ ምን?

ሚንቾ፦ ማስቲሹ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ልነግርህ ስል ዝም በል አልከኝ። ዝም ብዬ ማር ሰጠሁህ። የግራር ማር ነው፣ ዘንድሮ የተቆረጠ።

ራዶይ፦ ንቦቹ ታዲያ…

ሚንቾ፦ ንብረታቸውን ለይተው ነው። ሥራህንማ ምን ያውቁታል?

[ሚንቾ ጨርቅ በለብታ ውኃ ነክሮ የገንዳውን ፎቶ ጫፍ ያረጥባል፣ ቀስ ብሎ ይልጠዋል። ጀርባውን ይጠርገዋል። ጽሑፉ እንዳለ ነው፤ የአናጢ እርሳስ ማር አይፈራም።]

ራዶይ፦ አለ?

ሚንቾ፦ አለ። [ስልኩን ጠጋ አድርጎ ለእናቱ ለጊና ያነባል] "ጊና… ልጆቹ… ሁለቱም በአንቺ ወጥተዋል፤ ተመስገን ነው። ከዚህ ሁሉ… በእኔ የወጣው ገንዳው ብቻ ነው። እሱን… እኔ ሠራሁት።"

[ራዶይ ጆሮውን ወደ ስልኩ ያስጠጋል።]

ራዶይ፦ ምን አለች?

ሚንቾ፦ እየሳቀች ነው። … የለም፣ እያለቀሰች ነው። ሾፌሩ "ምን ሆኑ እማማ?" ይላል። "ዓይኔን እንዳላስለቅሰው ዶክተሩ ከልክሎኛል፣ እናንተ መቼ ታስቀምጡኛላችሁ!" ትላለች። … እሺ እማዬ፣ በሩን ከፍተን እንጠብቅሻለን። [ይዘጋል] አደባባዩ ጋ ወርዳለች፤ በእግሯ እየመጣች ነው። ጨርቅ ያዝ ጋሼ፤ አርባ ቀርተውናል።

ራዶይ፦ ኧረ እኔስ… በምን ፊቴ አያታለሁ? ጀርባ ለጠፈ ብዬ ስሰድብህ ውዬ! በምን ፊቴ?

ሚንቾ፦ ፊትህን ተወው ጋሼ። ዛሬ የሚፈለገው ጀርባ ነው። እስቲ ዞር በል።

ራዶይ፦ ለምን?

ሚንቾ፦ ዞር በላ! [ራዶይ ይዞራል። የጠፋው ፎቶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ነው] እዚህ ነህ ለካ! አባዬ አንተም ጀርባ ላይ ጽፎልሃል።

ራዶይ፦ ምን ይላል? አንብብ! ቶሎ አንብብ!

ሚንቾ፦ [ጣቱን በወንድሙ ጀርባ ላይ እያስኬደ] "ራዶይ… ዛሬ ትምህርት ቤት ገባ። መንገዱን ሙሉ… ሁሉንም አውቃለሁ ሲለኝ ነበር። ጫማውን ግን… ግራና ቀኙን አቀያይሮ ነው የሄደው።"

[ራዶይ ቀስ ብሎ ወደ እግሩ ያጎነብሳል። ነጠላ ጫማዎቹ የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ናቸው። ሚንቾም ያያል። በር ይንኳኳል።]

ራዶይ፦ [በሹክሹክታ] ሚንቾ… ጋሼ ሚንቾ… በሩን አንተ ክፈት። እኔ ጫማ ልቀይር።