ሸክላ ሠሪው እስኪማታ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ የለበትም፣ ያገባ የለበትም፤ ያለበት ማንም የማያውቀው አንድ የካራቴ ፊልም ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር ልበላችሁና ፍረዱኝ፦ ጥሩ የድብድብ ፊልም ማለት ድብድብ የሌለበት ነው።

አትሳቁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብሆንም አስቤበት ነው። ማለቴ... እስከ መጨረሻው የሌለበት።

በፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ አለ። ጉልበተኞች እየመጡ ሸክላውን ይሰብሩበታል፤ እሱ ስባሪውን ለቅሞ እንደገና ጭቃ ያቦካል። ወደ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። የሚማታው መጨረሻ ላይ ነው። የዶርም ጓደኞቼ ገና በሃያኛው ደቂቃ ጥለውኝ ወጥተዋል። እኔ ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ዘንድሮ እረፍታችን ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ገጠመና ሸሕዲ አጠገብ ወዳለው እርሻችን ወረድኩ። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬውን መሬት ላይ አፍስሶ ባዶ አገዳ ያስታቅፋችኋል። ችግሩ፣ የሁሉም ሰው ሰሊጥ የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። ስለዚህ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን፣ ሁሉም ይሻማቸዋል። ከጎጃም የመጡት የእኛ አሥራ ስምንት ሰዎች ደግሞ አብደራፊ ያለ አንድ ባለሀብት ለሠራተኞቹ ዲሽ መትከሉን ሰምተው ልባቸው ሸፍቷል።

"ተማሪ አይደለህ? አንድ ነገር አድርግ እንጂ" አሉኝ አባቴ። "እነዚህ ሰዎች ከሄዱ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ቀረ።"

ያለኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ውስጡ ያለው ደግሞ... ገምታችኋል።

ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሠራተኞቹ መጋዘን ውስጥ ያርፋሉ። እዚያው ላፕቶፑን ጆንያ ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሸክላው ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

"ተማሪው፣ ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚማታው?" አለ አንዱ።

"ይማታል፤ ትንሽ ታገሡ።"

"ፈሪ ነው እኮ። ይልቅ አብደራፊ..."

"ዝም በል" አለ የሠራተኞቹ አለቃ አያ ደሳለኝ፣ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል። "እግሩን አላየህም? ያን ሁሉ ጭቃ ተሸክሞ ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም። ይህ ሰው አንድ ቀን ሰው ይጥላል።"

እኔ ስድስት ጊዜ አይቼ ያላየሁትን እሱ በአንድ ቀትር አየው። ደስ ብሎኝ ላብራራ አፌን ስከፍት ላፕቶፑ ጠፋ። ባትሪው አርጅቷል፤ ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ቻርጅ የሚደረገውም ከትራክተሩ ነው፣ ትራክተሩ ሥራ ሲውል ብቻ።

"ቀጣዩ ነገ ቀትር ነው" አልኩ እየፈራሁ። አብደራፊን ያነሳ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብታዩ። "ይማታል"፣ "አይማታም" እየተባባለ የሚያጭድ ሠራተኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? በየቀኑ "ያችን ቦታ ድገማት" ስለሚሉኝ ፊልሙ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ እየተመለሰ ከሳምንት በላይ ፈጀ። አጨዳው ግን ይበር ነበር። አባቴ "ለካ ትምህርት ጥሩ ነገር ነው" እስከማለት ደረሱ።

ሰሊጡ በሚካኤል ዋዜማ ታጭዶ አለቀ። ፊልሙ አላለቀም።

"በሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሸሕዲ ላድርሳችሁ" አሉ አባቴ።

"ሸክላ ሠሪው ሳይማታ?" አለ አያ ደሳለኝ። "ጋሼ፣ ምን ነካዎት?"

በማግስቱ ሚካኤል ነው። ትራክተሩ አይሠራም፤ ላፕቶፑም ጠፍቶ ዋለ። አሥራ ስምንት ሰዎች ያለ ሥራ ተቀምጠው የተረፈውን ዱቄት ሙልጭ አድርገው በሉት። እንዳይሄዱ ሲለምኑ የከረሙት አባቴ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ይማታና ይገላግለን።"

በበነጋው አባቴ ማልደው ትራክተሩን አስነሱ፤ ቀትር ላይ ሸክላ ሠሪው ተማታ። ሦስት ደቂቃ ብቻ። የመጨረሻው ጉልበተኛ ሲወድቅ ሽማግሌው እጁን ታጠበና ጭቃውን ማቡካት ቀጠለ።

አያ ደሳለኝ በረጅሙ ተነፈሰ። "ድገመው" አለ። "ከመጀመሪያው። አሁን እያወቅን እንየው።" ሌሎቹ አሥራ ሰባቱም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባቴ ላፕቶፑን ከጆንያው ላይ አንስተው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ትራክተሩ ላይ ወጡ።

"ድጋሚው የሚታየው ሸሕዲ መናኸሪያ ነው" አሉ።

የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ለመውጣት የተደረገው ግፊያ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፊልሙ ድብድብ ይበልጥ ነበር። የእኛ አጨዳም በዚሁ፣ በጥቅምት ሚካኤል ማግስት አበቃ።