የሚስ ዶሮቲ ላም አላቢና የእኔ በረኪና

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ፣ ግን መጀመሪያ ቁጭ በሉ። 

አትላንታ አጠገብ ሮዝዌል ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴትዮ እንከባከባለሁ። ሚስ ዶሮቲ ይባላሉ። እንግሊዝ አገር ተወልደው በትዳር ምክንያት አትላንታ የቀሩ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሴት ናቸው።

ሳሎናቸው ውስጥ ድሮ እንግሊዝ አገር የተሠሩ ትንንሽ የሸክላ ሰዎች አሏቸው። ንጉሥና ንግሥት እንዳይመስሏችሁ! አንዱ ጫማ ይሰፋል፣ አንዷ ዓሣ ትሸጣለች፣ አንዷ ደግሞ ላሟ ሥር ቁጭ ብላ ታልባለች። ሰው መደርደሪያ ላይ ጫማ ሰፊ ያስቀምጣል?

እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሳያቸው የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች መታጠብ አለባቸው!

ዛሬ ልጃቸው ከሌላ ስቴት ልትመጣ ነው ተባለ። እንግዳ ሲመጣ ሐበሻ ምን ያደርጋል? ቤቱን ይገለብጠዋላ! ሚስ ዶሮቲ ናፕ ብለው ሸለብ ሲያደርጋቸው ሦስቱንም የኩሽናው ሲንክ ውስጥ ከተትኳቸው። ሙቅ ውሃ፣ በረኪና፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦ።

እናቴ በረኪናን የምታምነው እንደ መድኃኒት ነው። እውነትም አጸዳ።

የላም አላቢዋን ፊት አጸዳው!

ዓይን የለ፣ ቅንድብ የለ፣ አፍ የለ። የተላጠ እንቁላል መሰለች። የሌሎቹ ቀለም ጠንካራ ሆኖ ተርፏል፤ የእሷ ግን ከአረፋው ጋር ሄደ። 

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቦርሳዬን ከፍቼ በዓይን ኩሌ ዓይንና ቅንድብ፣ በጥፍር ቀለም ከንፈር ሠራሁላት! ራቅ ብዬ ሳያት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ቆንጆ መሰለችኝ።

ልጃቸው ገባች። እናቷን አቀፈች። ዞር ስትል መደርደሪያውን አይታ ቀጥ አለች።

"ማም፣ ይቺ ላም አላቢ ለምንድነው እሷን የምትመስለው?"

እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሲንኩን፣ በረኪናውን፣ ኩሉን። ሥራዬ አለቀ ብዬ ጃኬቴን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ሚስ ዶሮቲ መነጽራቸውን አድርገው እያገላበጡ አዩአት። አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ይቺን ማን ብዬ ነው የምጠራት?" አሉኝ።

ጣራ ጣራውን ማየት ጀመርኩ።

"በየጠዋቱ ነግሬሻለሁ እኮ።"

ነግረውኛል! ቁርስ ሳቀርብላቸው ሁልጊዜ ስለ እነዚህ ሰዎች ያወሩኛል። እኔ "ዋው፣ ሪሊ?" እላለሁ። ግን በሻሼ ሥር ጆሮዬ ውስጥ ኤርበድ ሰክቼ ፖድካስት እየሰማሁ ነው!

"ኔሊ" አሉ ቀስ ብለው። "የእናቴ ስም ነው። እናቴ የሰው ላም እያለበች ነው ያሳደገችኝ። አንድም ፎቶ የላትም፤ ፊቷ ትዝ የሚለኝ ይቺን ሳይ ነበር።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሶሪ ማለት እንኳን አፈርኩ።

አላባረሩኝም፣ ታምናላችሁ? ስወጣ ግን ጠሩኝ።

"ነገ ስትመጪ ጆሮሽ ውስጥ የምትከቺውን ነገር ቤትሽ ትተሽው ነይ።"

ያውቁ ነበር! እያወቁ በየጠዋቱ ይነግሩኝ ነበር!

አሁን ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ ላይ አንድ ሱቅ በር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ነው የምጽፍላችሁ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ያ ሁሉ ፖድካስት ስለ ምን ነበር? ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል እንኳ ትዝ ቢለኝ ምናለበት!