የባለወረንጦዎች ዘመቻና የጋዜጣው ቁልል አወዳደቅ

በዘመነ ጡረታ በሦስተኛው ዓመት፣ የጓሮው ቧንቧ መንጠብ በጀመረ በሰባተኛው ወር፣ ዳልያው ባበበበት ሰሞን፣ ሞአ ስሕተት ዘእምነገደ ማተሚያ ቤት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የጋዜጣ ፊደል ሲያቀኑ የኖሩ፣ ነጠላ ሰረዝን ከአራት ነጥብ ለይተው ያስከበሩ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ጋሽ አራሚ በቤታቸው በሰላም ተቀምጠው ሳለ ጠላት ተነሣባቸው።

ጠላቱም አንበሳ አልነበረም፣ ነብርም አልነበረም፤ ቁመቱ ከጥፍር የማይበልጥ፣ መልኩ ሻይ የመሰለ፣ ጭራው እንደ ወረንጦ ለሁለት የተከፈለ፣ ቀን እርጥብ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ሲመሽ የሚወጣ ተባይ ነበረ እንጂ። ስሙን የሚያውቅ በሰፈሩ ስላልተገኘ ጋሽ አራሚ «ባለወረንጦ» ብለው ሰየሙት። ባለወረንጦም አስቀድሞ ሰላጣውን ወንፊት አደረገ፣ ቀጥሎም የዳልያውን አበባ ዘነጣጠለ፣ ይህም አልበቃው ብሎ በኩሽናው በር ሥር ሾልኮ ገብቶ ማክሰኞ ጠዋት በሚስታቸው በእመቤቲቱ ትራስ ላይ፣ ከጆሯቸው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ተገኘ። እመቤቲቱም ነርስ የነበሩ ናቸውና ጆሮ ውስጥ ይገባል የሚባለው ተረት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ማወቅና መተኛት ለየቅል ሆነባቸው። በደጃፉም ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስማ! እኔ ከነዚህ ጋር ትራስ አልጋራም። እህቴ ጋ ሄጃለሁ። እሑድ መጥቼ አያለሁ፤ አንድ እንኳ ካገኘሁ ሻንጣዬን አልፈታም። መርዝ ደግሞ እንዳትነፋ፣ የምንበላው ሰላጣ ነው!»

ይህንም ብለው አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘው ወጡ። ጋሽ አራሚም በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ብቻቸውን አድረው አያውቁም ነበርና ቤቱ ሰፋባቸው፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድተው አንዱን መልሰው ደፉ።

ወእምዝ በረቡዕ ዕለት ከጓሮው ደረጃ ላይ ወጥተው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጥርስ ያለህ በጥርስህ፣ መጥረጊያ ያለህ በመጥረጊያህ ተከተለኝ!» ብለው አወጁ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ ልክ ለኪ የተባሉት ጎረቤት፣ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፤ በግራ ከሰፈሩ ዶሮ አርቢ በትውስት የመጡ ሦስት ዶሮዎች፤ በደጀን የሳሙና ውሃ የሞላ ባልዲና ባለወረንጦ እንዲሰጥምባቸው ዘይታቸው ያልተደፋ አራት የሳርዲን ጣሳዎች። የቤቱ ውሻም በዘመቻው ነበረ፤ ተኝቶ ነበረ። ዶሮዎቹ ግን ባለወረንጦን ትተው የተረፈውን ሰላጣ ስለ ፈጁ በዚያው ቀን ከሹመታቸው ተሽረው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ልክ ለኪም አንድ ጥበብ ገለጡ፤ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በውሃ አርሶ፣ ሲመሽ ከአበባው ሥር ማስተኛት፣ ሲነጋም ተሸሽጎ ያደረውን ጠላት ባልዲው ውስጥ ማራገፍ ነው። ጋዜጣስ ከወዴት ይምጣ? በበረንዳው ላይ እስከ መስኮቱ ድረስ የተቆለለ ነበረ፤ ነገር ግን ያ ቁልል ጋሽ አራሚ ያረሙት ሁሉ ነውና እንኳን ሊጠቀለል አቧራውም በለሆሳስ የሚጠረግ ነበረ። በአንዱም ላይ ስማቸው አልተጻፈም፤ ስሕተት የሌለበት ቦታ ሁሉ ግን የእርሳቸው ነበረ። እመቤቲቱ «አንሣው» ብለው ማወጅ ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ልክ ለኪ የእጅጌና የኮሌታ ልክ የቆረጡባቸውን አሮጌ ጋዜጦች አዋጡ። ጋሽ አራሚ ግን እነዚያንም በቀይ እስክሪብቶ ሳያርሙ መጠቅለል አልሆነላቸውምና ረቡዕ ወጥመዱ የተጠመደው በእኩለ ሌሊት ሆነ።

ወበሐሙስ አርባ አንድ ማረኩ፤ ወበዓርብ ስልሳ። የሚነጥበውን ቧንቧ አጠበቁት፣ የረገፈውን ቅጠል ጠረጉ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈኑ። ወበቀዳሚት ሰንበት ዘጠና ሰባት ሆነ፤ ጠላት በተመታ ቁጥር በዛ፤ እሑድም ነገ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ አራሚ የድሮ ሙያቸው ትዝ አላቸው፤ አድብቶ የተቀመጠ ስሕተት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲነበብ ይገኛልና። ከአጥሩ ተነሥተው ወጥመድ በወጥመድ ወደ ኋላ ቆጠሩ፦ ከአጥሩ ሥር ሁለት፣ ከሰላጣው መደብ ዘጠኝ፣ ከዳልያው ሠላሳ፣ ከበረንዳው ሥር ሃምሳ ስድስት። የቁልሉን ግርጌ ገለጥ አደረጉ። የቧንቧው ውሃ በበረንዳው ሥር እየሰረገ ሰባት ወር ያረጠበው የጋዜጣ ቤተ መንግሥት ነበረ፤ የባለወረንጦ እናቶች እንቁላላቸውን ታቅፈው በርእሰ አንቀጹ ላይ ተቀምጠዋል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው በሞአ ስሕተት ላይ ደረሰ።

ጋሽ አራሚም የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ካለቀሱም በኋላ ተነሥተው «ይፍረስ!» ሲሉ አወጁ። ድፍን ቅዳሜ ከልክ ለኪ ጋር እያንዳንዱን ባልዲው ላይ አራገፉ፤ የበሰበሰው ከአጥሩ ዳር ጉድጓድ ተቀበረ፣ ደረቁ ለእጅጌና ለኮሌታ ተሰጠ። እርሳቸው ግን አንዲት እትም ይፈልጉ ነበር፤ ሠላሳ ቀን ብቻ ያለው ወር ቀኑ «ሠላሳ አንድ» ተብሎ የታተመባትን፣ በዘመናቸው ያመለጠቻቸውን ብቸኛ ስሕተት። ያን ለት እመቤቲቱ «እሺ፣ አገባሃለሁ» ስላሏቸው ፊደል አይታያቸውም ነበር። እትሟም አልተገኘችም፤ ባለወረንጦ በላት ብለው አዘኑ።

እሑድ እመቤቲቱ መጡ። ትራሱን ገለጡ፣ የበሩን ሥር አዩ፣ በረንዳው ላይ ሲደርሱ ቁልሉ የነበረበትን ባዶ ወለል ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱበት። ከዚያም ሻንጣቸውን ከፈቱ። ከልብሱ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልላ፣ ያቺ ጋዜጣ ነበረች።

«ካምስት ዓመት በፊት ነው ከቁልሉ ያወጣኋት፤ ሌላውን ብል ይብላው፣ ይቺ የኔ ናት» ብለው አወጁ፤ ልብሳቸውንም ወደ ቁምሳጥኑ መለሱ።

ተባይን በወረቀት የጠመዱ፣ ዶሮን የሻሩ፣ ቧንቧን ዝም ያሰኙ፣ የሠላሳ ሦስት ዓመት ክብራቸውን በአንዲት ቅዳሜ በገዛ እጃቸው ያፈረሱ፣ አንዲቱን ስሕተታቸውን ግን ያላረሙ ጋሽ አራሚ ስማቸው ከፍ ይበል፤ ትራሳቸውም ሁለት ሆኖ ይኑር።