የቆሙት መኪኖች ጭስ የተለካበት ዕለት

ለኪዋ በጭስ መለኪያ በተሾሙ በመጀመሪያው ዓመት፣ በመዋዕለ ወረፋ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ሠላሳ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተራ በሚጠብቁበት የሚዛን ቤት ግቢ፣ «ሞተር ይጥፋ፣ አይጥፋ» የሚለው ጠብ ከተነሣ አንድ ሰዓት አልፎት ነበር። የሾፌሮች አለቃ አባ ተሳቢ፣ የአስፋልት አንበሳ፣ የሃያ ሁለት ጎማ ጌታ፣ ከጋቢናቸው እስከ ወገባቸው ወጥተው አወጁ፦

«ያልሰማህ ስማ! የቆመ መኪና ናፍጣ አይጠጣም! ሞተሩን ያጠፋ ተራውን ይነጠቃል! ይቺ ልጅ ጭስ ካማራት ቤቷ ገብታ ምድጃዋን ትለካ!»

ለኪዋም፣ ታላቅ እህታቸው የሚዛን ቤት ጸሐፊ ሆነው ከጭሱ የተነሣ ሁለት ዓመት መስኮት ሳይከፍቱ ሲስሉ መኖራቸው አንጀታቸውን ይበላቸው ነበርና፣ በርሜል ላይ ወጥተው መለሱ፦

«አባባ፣ ናፍጣዎን እስከ አፉ እንሙላው! ሞተርዎ እየሠራ አንድ ሰዓት ይቁሙ! ጠብታ ካልጎደለ መሣሪያዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ዳግመኛም አልመጣ!»

ከዚህም በኋላ ለኪዋ ዘመቱ፤ በቀኛቸው መካኒኩ የናፍጣ ጆጉን እንደ ጋሻ አንግቶ፣ በግራቸው ጎሚስታው ባዶ እጁን፣ ከኋላቸውም ምን እንደሚለካ ያልገባቸው ሰባት ጫኞች። ሞሉ፤ ክዳኑን አተሙ፤ ወደ ጥላው ተመለሱ።

አባ ተሳቢ ግን፣ ናፍጣው ጎድሎ እንዳያዋርዳቸው፣ በሠላሳ ሞተር ጩኸት ተከልለው ቁልፋቸውን ቀስ አድርገው አዞሩና ሞተሩን አጠፉ። ከአጠገባቸው ያለው ሾፌር «ቀጥሎ እኔን ቢለኩኝስ» ብሎ አጠፋ፤ እሱን ያየም አጠፋ፤ እንዲህም ሲል እስከ ሠላሳኛው ደረሰ። ግቢው ጭጭ አለ። ጥበቃዎቹ በጩኸቱ ተማምነው የግቢውን አለቃ ሲያሙ የነበረው ሁሉ፣ ስለ ሱሪያቸውም ጭምር፣ ለአለቃው ጆሮ ደረሰ። በሩም እንደ ወትሮው አምስት መኪና ጠራ፤ የማንም ተራ አልተነጠቀም። የሚዛን ቤቱም መስኮት ተከፈተ።

ሰዓቱ ሞላ። ጠብታ አልጎደለም፤ መሣሪያው ዜሮ አለ። ለኪዋ የጭስ ማውጫውን ቢነኩት ቀዝቅዟል። ቀና ሲሉ እህታቸው በመስኮቱ ደረታቸውን ነፍተው ይተነፍሳሉ። ያን ጊዜ አወጁ፦

«ተሸንፌአለሁ! አልጠጣም፣ አልጨሰም! እንግዲህ መኪና ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ፣ ልክ በዚህች ሰዓት እንደቆመ ይቁም!»

የግቢው አለቃም፣ ስለ ራሳቸው የሚባለውን መስማት ጥሟቸው፣ አጸኑት። አባ ተሳቢ እምቢ እንዳይሉ ማጥፋታቸውን ማመን ይሆንባቸዋል፤ ላብ በላብ ሆነው ፈረሙ።

የሾፌሮቹም ሠራዊት አባ ተሳቢን በትከሻው አነሣቸው፦ «አባ ተሳቢ! ናፍጣ ያስጾሙ፣ ጭስ የገሠጹ፣ ቆመው ድል የነሡ!» ውዳሴው ከጣሪያ ጣሪያ ሲያስተጋባ፣ ለኪዋ መሣሪያቸውን በብብታቸው ይዘው በትንሿ በር ወጡ።