የክርስትና ስሜን የዋይፋይ ፓስወርድ አድርጌ የደረሰብኝ

እናንተዬ! ፊቴን የት እንደምደብቀው ንገሩኝ።

አይ፣ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ትነግሩኛላችሁ። እኔም ትራሴ ውስጥ ተወሽቄ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው!

ለማታውቁኝ፦ ብርቱካን እባላለሁ። አካውንቲንግ ተመርቄ፣ ተመልሼ እናትና አባቴ ቤት የተቀመጥኩ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ የምኖር የገጠር ልጅ ነኝ። አዎ፣ ገጠር! ላም አለን። ዋይፋይም አለን!

ጉዱ ያለው ዋይፋዩ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ፈለገ። ደንበኛ ሲደውል ማንሳት፣ ቅሬታውን መስማት፣ መልስ መስጠት። አመለከትኩ። ኢንተርቪው ተጠራሁ። በቪዲዮ!

ይህ ሥራ ካመለጠኝ ቡሬ አክስቴ ሱቅ ነው የምገባው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ወስኗል። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ግን እኔ ቤቴን ነው የምፈልገው። ጠዋት ተነስቼ ደጃፍ ላይ ስቆም፣ ጤፉ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ሳይ፣ ሆዴ ይረጋጋል። ሥራም ይኑረኝ፣ ቤቴም ልኑር አልኩ። ይሄ ስግብግብነት ነው እንዴ?

አባዬ በርበሬው እንደተሸጠ "ይሁን፣ ሳጥኑን ግዢ" አሉ።

ዋይፋይ ለእሳቸው ሳጥን ነው። ሲም የሚገባበት፣ ዓይኑ ቦግ ቦግ የሚል ሳጥን።

ግን የየትኛው ኩባንያ ሲም ነው የሚገባበት? ጥያቄው ይህ ነው!

ፍኖተ ሰላም ሄጄ የሁለቱንም ኩባንያ ሲም አወጣሁ። ስም አልጠራም፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የኮረብታችን ነው። ባለሱቁን "የትኛው ይሻለኛል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "የእናንተን ሠፈር እኔ በምን አውቄ? ቤትሽ ገብተሽ ለኪው" አለኝ።

ለካሁት!

በቀኝ እጄ አንዱን ስልክ፣ በግራዬ ሌላውን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ጥቂት እራመድና እቆማለሁ። ስፒድ ቴስት እጫናለሁ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ደግሞ እራመዳለሁ። ጓሮውን ጨርሼ ማሳው ዳር ደረስኩ።

አሁን እስቲ ከአጥር ማዶ ቆማችሁ እዩኝ። በድንበር ላይ እየተራመደች ቁጥር የምትጠራ ልጅ!

አያ ደመላሽ አዩኝ። ጎረቤታችን ናቸው፤ መሬታችን ይዋሰናል። ዱላቸውን ይዘው ከች አሉ።

"ምነው ልጄ ብርቱካን፣ ድንበሩ ምን ኾነ? ኸአባትሽ ጋራ በሰላም አይዶለም እንዴ የኖርነው?"

መሬት የምለካ መስሏቸው!

"ኧረ አያ ደመላሽ፣ አንቱን የሚነካ ነገር አይዶለም! ኔት ነው የምለካው!" ብዬ ስልኩን አሳየኋቸው።

"ይህ ቁጥር ምንድን ነው?"

"ፍጥነቱ ነው።"

"የምን?"

"የኔቱ።"

"ወዴት ሲሄድ?"

ይህን ያስተማረኝ የለም። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ! አያ ደመላሽም "እሺ ልጄ" አሉና፣ ለማንኛውም ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ እስኪመሽ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። አንደኛው ሲም ቤት ውስጥ ለመደወል ሸጋ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ግን ይደክማል። የሁለተኛው ዳታ ይበርራል! የሚበርረው ግን አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በመንገዱ በኩል ባለችው የቤታችን ጥግ፣ አጥሩ አጠገብ።

ስለዚህ ለስልክ አንደኛውን፣ ለዋይፋይ ሁለተኛውን መረጥኩ። ሳጥኑን በመንገድ በኩል ያለው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። መንገዱ የቤተ ክርስቲያን መንገድ መሆኑን ያን ጊዜ ማን አስቦት!

ጥቅሉም ያልተገደበ ነው። አባዬ "ያልተገደበ ማለት ምን ማለት ነው?" ሲሉኝ "የማያልቅ" አልኳቸው። "የማያልቅ የምድር ነገር አላውቅም" ብለው ወጡ። እናቴ ግን ቃሏን ያዘቻት። የማያልቅ! ቆይ፣ እንመጣበታለን።

ወሬው ወጣ። የሠፈሩ ወጣት አጥራችንን ተደግፎ መዋል ጀመረ።

"ብርቱዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ከብቶቹ ደህና ናቸው? ጊደሯ ወለደች?"

ከተወለደ ጀምሮ ስለ ጊደራችን ጠይቆ የማያውቅ ሁሉ! ከብቱን ሲጨርስ፣ ሰብሉን ሲጨርስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ የምልሽ፣ ፓስወርዱን..."

እኛ አገር ደግሞ በር ላይ ለቆመ ሰው "አልሰጥም" አይባልም። ነውር ነው! እና ራሴን በጣም ጎበዝ ያልኩበትን መልስ ሰጠሁ።

"የክርስትና ስሜ ነው። ያወቀው ይግባ፣ እኔ ሰው አልከለክልም!"

በሳቅ ልሞት! ምክንያቱም የክርስትና ስሜን የሚያውቁት እናቴ፣ አባቴና የነፍስ አባታችን ናቸው። ክርስትና ያነሳችኝም ታውቀዋለች፤ እሷ ግን አዴት ናት። አዴት ሆና ዋይፋዬን ልትጠልፍ አይደል! እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ "ስመ ክርስትናሽን ለሰው እንዳትናገሪ፣ ክፉ ሰው ይሠራበታል" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ከዚህ የበለጠ ሴኪውሪቲ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ገብርኤል ነበር። ኢንተርቪው ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

እናቴ ገና ሳይነጋ ጧፍ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ልዘጋጅ ቀረሁ። ከላይ ኮት፣ ከታች የተቀደደ የቤት ቀሚስ። አትፍረዱብኝ፣ ካሜራ ከወገብ በታች አያይም!

ፀጉሬን ሳበጥር፣ ቅዳሴው አልቆ፣ የቄሱ ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ።

"ምእመናን፣ ልጃችን ብርቱካን ዛሬ ፈተና አለባት። እናቷ ጸልዩልኝ ብላለች። ስመ ክርስትናዋ ወለተ እንትን ነው። መንገዷን ያቅናላት በሉ!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

ወለተ እንትን የምለው ለእናንተ ነው። እሳቸው ጥርት አድርገው ነው የተናገሩት። ደግሞም ደገሙት!

እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አለቀስኩ! "አይ እናቴ፣ አይ የኔ ደግ" እያልኩ አለቀስኩ። አገር ሙሉ ለእኔ ሲጸልይ! ኩሌ ስለፈሰሰ እንደ አዲስ ተኳልኩ።

ደነዝ! ደነዝ ነኝ!

አራት ሰዓት ሞላ። ጠያቂዋ ስክሪኑ ላይ መጣች። ፈገግታ የማያልቅባት፣ ረጋ ያለች ሴት። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ስለ ኢንተርኔቴ ጠየቀችኝ፣ "አስተማማኝ ነው፣ ሁለቱንም ለክቼ ነው የመረጥኩት" አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ቀጥላ "የተቆጣ ደንበኛ ቢያጋጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለች።

"በእርጋታ አዳምጠዋለሁ። በምንም ምክንያት ድምፄን ከፍ አላደርግም።"

ራሷን ነቀነቀች። ጻፈች! ውስጤ እስክስታ ይመታል!

ከዚያ ደረቀች።

ከነፈገግታዋ፣ ከነእስክሪብቶዋ ደርቃ ቀረች። የእኔም ምስል ጥግ ላይ ደርቋል፤ አንድ ዓይኔ ተከድኖ፣ አፌ ተከፍቶ። ድምፅ ብቻ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይመጣል። "ብር... ካን... ይሰማ..."

የሳጥኑን አፕ ከፈትኩ። ማን ማን እንደገባ ያሳያል። ወደ ታች ብጎትት፣ ብጎትት፣ አያልቅም!

በመስኮት ቀና አልኩ።

ነጠላ! አጥራችን ከዳር እስከ ዳር ነጠላ ለብሷል! ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ በሙሉ ቆሞ ስልኩን ወደ መስኮቴ ቀስሯል። አንዱ ስሙን ከድምፅ ማጉያው ሰማ፣ ሞከረው፣ ገባለት። ከዚያማ ለጎረቤቱ ነገረ፣ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ። ደግሞ ምን ይደረጋል? "ያወቀው ይግባ" ብያለሁ እኮ!

ወጣሁ። በኮትና በተቀደደ ቀሚስ!

"ኧረ በገብርኤል! ልቀቁልኝ ኔቴን! ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ? እንጀራዬን ልትቆርጡት ነው! አንተ፣ ኳስ ነው የምታየው? አስቀድሰህ ወጥተህ ኳስ? አታፍርም? ዝጋ ብያለሁ፣ ዝጋ!"

ሰዉ በድንጋጤ ክው አለ። ከመካከል እናቴ ብቅ አለች።

"ምነው ልጄ፣ ምነው በበዓል ቀን? እኔ ነኝ እኮ ቆም በሉ ያልኳቸው። የማያልቅ ነው አላልሽም? የማያልቅ ነገር መከልከል ኀጢአት አይዶለም? ኸጸለየልሽ ሰው ጋራ ትጣያለሽ?"

ይህን ስትለኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

"ብርቱካን? እየሰማሁሽ ነው።"

ገመድ አልባ ማዳመጫዬን ሳላወልቀው ነው የወጣሁት! ላፕቶፑ መስኮቱ ሥር ነው፤ ማዳመጫው እስከ አጥሩ ይደርሳል። የቆመው ምስሉ ነው እንጂ ድምፄ ሲሄድ ነበር። "ድምፄን ከፍ አላደርግም" ያለችው ልጅ ድምፅ! አዲስ አበባ ድረስ!

በቃ፣ ቡሬ። የአክስቴ ሱቅ ከነሚዛኑ ፊቴ ድቅን አለ።

ምን ላድርግ? ያደግሁበትን አደረግሁ። ሕዝቡ ፊት ጎንበስ አልኩ።

"ይቅር በሉኝ። ጨንቆኝ ነው። በዓሉን አበላሸሁባችሁ። ፈተናው ላይ ነኝ፣ ኔቱ ተጣቦብኝ ተቋረጠ።" እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል።

"እግዜር ይቅር ይበልሽ!" አሉ ባንድ አፍ።

አያ ደመላሽ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። "ሰማችሁ አይዶል? ልጅቱ ፈተና ላይ ናት! ስልክ የያዘ ሁሉ ያጥፋ! አንተም፣ አጥፋና አሳየኝ! ድርግም!"

ስልኩ ሁሉ ድርግም አለ። ማንም ግን አልሄደም። የጠፋ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለእኔ ነው። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ያን ያህል የተወደድኩም መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ገባሁ። ጠያቂዋ መንቀሳቀስ ጀምራለች። ዓይኗን በሶፍት ትጠርጋለች፤ በሳቅ ይሁን በምን አላወቅሁም።

"ስንት ሰው ነው የገባብሽ?"

"ሁሉም" አልኩ።

"አጥፉ ያሉት አባትስ? ሥራ ይፈልጋሉ?"

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ "እንደውልልሻለን" አለች። ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። በአንደኛው ሲም፣ እመኝታዬ ላይ፣ ጥርት ብሎ! ቢያንስ ይችን መርጫለሁ!

"ድምፄን ከፍ አላደርግም ያልሽው ልክ እንዳልነበር ሰምተናል" አለች ጠያቂዋ። "ግን ከቁጣ በኋላ ይቅርታ እንዲህ ሲጠየቅ ብዙ አላጋጠመኝም። ሰኞ ጀምሪ። ለሙከራ ነው። በናትሽ ግን ፓስወርዱን ቀይሪው።"

ጮህኩ! እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። አባዬ ተነስተው ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሱ። አያ ደመላሽ በድንበሩ ላይ ዘለው መጡ! ፓስወርዱን ወዲያው ቀየርኩት፤ ራሴ እንኳ የማላስታውሰው ቁጥርና ፊደል አደረግሁት።

ሁሉም ሲረጋጋ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ ጧፉን ስሰጥ ተስዬ ነበር።"

"ምን ብለሽ?"

"ሥራውን ካገኘች በየወሩ በገብርኤል፣ ኸቅዳሴ መልስ፣ ለሕዝቡ ኔት ታበላለች ብዬ።"

ኔት ታበላለች! እኔ! ሳልጠየቅ!

ቄሱ ሰምተዋል። ጎረቤት ሰምቷል። አያ ደመላሽ አሁን ስማርት ስልክ ሊገዙ ነው። ስለት ደግሞ አይታጠፍም፤ የሚያስከትለውን እናቴ ቁጭ አድርጋ ዘርዝራልኛለች፣ እንቅልፍ የሚነሳ ነው!

እና እናንተ ሥራ የለመዳችሁ፣ በናታችሁ ምከሩኝ። "ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ፣ ኔቴ የመልአኩ ነው" የሚል ኢሜይል ለአዲስ አለቃ የሚጻፈው ምን ተብሎ ተጀምሮ ነው?