ሽንት ቤት የተቆለፈበት አባ ኮዳ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ምሕረት የግቢያችንን የጋራ ሽንት ቤት ቆለፈችው። ሆዷን አሟት እንዳይመስላችሁ፤ የሥዕል ማተሚያ ስክሪን እየሠራች ነበር።

አንድ ዕቃ ሲያዩ ሌላ ዕቃ የሚታያቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ምሕረት ከሰፈራችን አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር የሚንጎራደደውን መላጣ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ሥላ ጨርቅ ላይ ልታትመው ፈለገች። ማተሚያ ቤት መሄድ ለእሷ ሽንፈት ነው። የወንበሯን እግሮች ነቅላ ፍሬም ሠራች፤ ስስ መጋረጃዋን ወጠረችበት፤ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ፈሳሽ ቀባችው። እስኪደርቅ ጨለማ ይፈልጋል። በግቢው መስኮት የሌለው ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

"ሌላ ፈሳሽ የለኝም፤ ማንም እንዳይከፍት!" ብላኝ የፀጉር ማድረቂያ ልትዋስ ሄደች። እኔን! ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ" ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የምወርደውን!

ወዲያው አከራያችን እትዬ አስቴር የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው መጡ።

"ማነው ውስጥ?"

"አባ ኮዳ ነው፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

"የሥዕሉ ማተሚያ ነው። ብርሃን ካየ ይበላሻል።"

"እኔስ ልጄ? እኔ ልበላሽ?"

እጆቼን ዘርግቼ፣ ድንበር እንደሚጠብቅ ወታደር፣ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። እትዬ እየተራገሙ ወደ ጎረቤት ግቢ ሮጡ።

ምሕረት ተመልሳ ስክሪኑን በማድረቂያው አደረቀችው፤ ወፉን በጥቁር የሣለችበትን ግልጽ ላስቲክ ደርባ ፀሐይ አስመታችው፤ ሥዕሉ ጋርዶት ያልጠነከረውን ፈሳሽ አጠበችው፤ በተከፈተው በኩል ቀለም ሳበችበት። አባ ኮዳ ከነኩራቱ ነጩ ጨርቅ ላይ ቆመ። ከጎረቤት የተመለሱት እትዬ ትክ ብለው አዩትና "ለእኔም ትራስ ልብሴ ላይ አትሚልኝ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የምረቃ ፎቶዬን ከግድግዳ አወረድኩ። ፎቶውን መጽሐፍ ውስጥ ከትቼ፣ ስክሪን ሆኖ የታየኝን ባዶ ፍሬም ይዤ የምሕረትን በር አንኳኳሁ።